በንዳዱ ዓመት የተጋገረ ቸኮላታ

ባለፈው ወር ባሕር ዳር ላይ የልጄን ልጅ ይዤ አንድ ኬክ ቤት ገባሁ። ገና ከበሩ የተቆላ ለውዝና የካካዎ ሽታ ተቀበለኝ። ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ «አያቴ፣ ደከመሽ እንዴ?» አለችኝ። አልደከመኝም። የሸተተኝ የአክስቴ የሩቂያ ምድጃ ነው፤ ከምድጃው ጋርም ያ የንዳድ ዓመት።

ያኔ ወረታ ትንሽ ከተማ ነበረች። እኔ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ የልደቴን ቀን የጻፈ ስለሌለ እርግጡን አላውቅም። እናቴ እኔን ስትገላገል አርፋለች። አባቴ ኢድሪስ ገበያው ዳር አቡጀዲ፣ ጨውና ፋኖስ የሚሸጥባት አንዲት ሱቅ ነበረችው። ጨቅላ ታቅፎ ግራ ሲገባው፣ ታከለ የሚባል የፎገራ ገበሬ ደንበኛው ሚስቱን ይዞ መጣ። የሺ ትባላለች። በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ወልዳ ነበርና «ጡቴ ለሁለት ይበቃል» ብላ ወሰደችኝ። እነሱ ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላሞች ነን። ከሁለቱም ወገን ነገሬ ያለው አልነበረም።

ልጇ ፈንታ ይባላል። ከሱ በፊት የወለደቻቸው ስለሞቱባት የነሱ ፈንታ ይሁነኝ ብላ ያወጣችለት ስም ነው። በአንዱ ጡት እሱን፣ በሌላው እኔን ይዛ አሳደገችን። ጡት ጥዬ አባቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላም፣ በገበያ ቀን ቅቤዋን ተሸክማ ብቅ ስትል «እማዬ!» እያልኩ የምሮጠው ወደሷ ነበር። ሌላ እማዬ የምለው ሰው አላውቅም።

አክስቴ ሩቂያ ከአሥመራ የመጣችው በሰኔ ነው። የጭነት ካሚዮን ከሱቃችን ፊት ቆመና አንዲት ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ከጋቢናው ወረደች። አባቴ ሮጦ አቀፋት፤ ታላቅ እህቱ ናት። ባሏ ሹፌር ነበር፤ መንገድ ላይ ሞቶ ቀርቷል። ልጅ አልነበራቸውም። የአንዲት ጣሊያናዊት ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርታለች። ከንብረቷ ሁሉ ይዛ የመጣችው አንድ የእንጨት ሳጥን ብቻ ነው።

እኔን ከላይ እስከታች አየችኝና «ይህች ናት ዘሀራ?» አለች።

«እሷ ናት» አለ አባቴ።

«ቀጫጫ ናት። ማን ነው የሚያበላት?»

ያኔ የተቆጣችን መስሎኝ ከአባቴ ኋላ ተደበቅኩ።

ብዙ አታወራም። ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች። ሰላት ሰግዳ ስትጨርስ ምንጣፏ ላይ ትንሽ ትቆያለች፤ ያኔ ማንም አይጠራትም። ከመጣች ጥቂት ሰንብታ አንድ ቀን ጠዋት አባቴን ለውዝ ጠየቀችው። ከመተማ በኩል የመጣ ለውዝ በጆንያ ነበረው።

«ምን ልትሠሪበት?»

«ቸኮላታ።»

አባቴም እኔም ቃሉን ሰምተነው አናውቅም። ለውዙን በብረት ምጣድ አመሰችው። ልጣጩ መሰንጠቅ ሲጀምር አውጥታ በመዳፏ አሸችውና ወደ በሩ ይዛ ሄዳ እፍ አለችው፤ ቀዩ ልጣጭ እንደ ትንኝ ብን ብሎ ሄደ። ለጋ ቅቤ ከስኳር ጋር በእንጨት ማንኪያ እስኪነጣ መታች። እንቁላል ሰበረችበት። ከዚያ ሳጥኗን ከፈተችና አንድ ቆርቆሮ አወጣች። ክዳኑን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቃ ስታነሣው ውስጡ ጥቁር ዱቄት ነበር።

እኔ ዱቄቱን አወቅኩት። ዋልካ ነው አልኩ በልቤ። አገራችን ሁሉ ዋልካ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጥ፣ በክረምት ተጣብቆ አላስኬድ የሚል ጥቁር አፈር። ደርቆ ሲወቀጥ ልክ እንደዚያ ነው። ጎረቤታችን ያለች እርጉዝ ሴት ተደብቃ አፈር ስትልስ አይቻታለሁ። እንግዲህ አሥመራም አፈር ይበላል ማለት ነው፤ ሀብታሞቹ ግን በስኳር ይበሉታል።

አክስቴ ሁሉንም ከዱቄት ጋር ለውሳ ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ ገለበጠችው። ትሪውን ለድፎ እንደሚደረገው በምጣድ ላይ አስቀመጠች፤ በሌላ ምጣድ ከደነችው፣ ከላዩም ፍም ደፋችበት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ከቤት አልፎ ሱቁ ገባ። አቡጀዲ ሊገዙ የመጡ ሰዎች አፍንጫቸውን ቀና አድርገው አሸተቱ። እስከዚያች ቀን እንዲህ ያለ ነገር ሸቶኝ አያውቅም። የሚያርር ይመስላል፣ ግን አያርርም፤ መራራ ነው፣ ግን አፍ ላይ ምራቅ ይሞላል።

ሲወጣ ጠቁሮ ከላይ ተሰነጣጥቋል። የበጋ መሬት! አሁን ቁርጥ አፈር መሆኑን አረጋገጥኩ።

«ሳይበርድ ቢላ አይነካውም» አለችና አጠገቡ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ። እሷ እጇን ትሪው ላይ ደጋግማ ታሳርፋለች፣ ታነሣለች። በመጨረሻ ቢላዋን ውኃ ነክራ ጠረገችና በቀጥታ፣ ቀጥላም በአግድም፣ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ ቆራረጠችው።

አባቴ አንዱን ቁራጭ አንሥቶ አገላብጦ አየው። «አረረብሽ እንዴ?»

«ቅመሰው።»

ቀመሰ። አላምጦ እንደገና ገመጠ። «ይህን ያስተማረችሽ ጣሊያኗ ናት?»

«እሷ ናት። ለውዙን የጨመርኩበት ግን እኔ ነኝ።»

እኔ እጄን አልዘረጋሁም። አክስቴ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ድርሻዬን በቅጠል ጠቅልላ መደብ ላይ አኖረችልኝ።

በገበያው ቀን እማዬ ፈንታን አስከትላ መጣች። አክስቴና እሷ ሰላም ሲባባሉ ረዘም ላለ ጊዜ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆዩ። ከዚያ አክስቴ ጥቁሩን ዳቦ አቀረበች።

«ቅቤ አለበት?» አለች እማዬ።

«አለበት።»

«ዛሬ ዓርብ ነው እሜቴ። ለነገ ልያዘው?»

አክስቴ ሁለት ቁራጭ ጠቅልላ ሰጠቻት። እኔና ፈንታ ወደ ጓሮ ወጣን። የአክስቴን ምሥጢር ነገርኩት። ፈንታ ነገር የሚገባው ልጅ ነበር፤ «እንዲያስ ከሆነ እኛም እንሠራለን» አለኝ። ዝናብ ያልነካው ደረቅ ጓል ከጎተራው ሥር ቆፍረን አወጣን። በድንጋይ ፈጨነው። አንድ እፍኝ ስኳር ከጓዳ አመጣሁ። በውኃ ለውሰን በጣታችን ቆራረጥነው፤ እንዲበርድም አጠገቡ ተቀመጥን። እኔ ቀምሼ ወዲያው ተፋሁት። እሱ ግን ኩራቱ አላስተፋውም፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ አኝኮ ዋጠው።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

እማዬ ጥርሳችንን አይታ ምን እንደበላን ስትጠይቅ እውነቱን ነገርናት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አክስቴም አፏን በሻሿ ሸፍና ትንቀጠቀጥ ነበር። የዚያን ቀን ነው የመጀመሪያዋን ቁራጭ ቸኮላታ የበላሁት። የአፈር ጣዕም ገና ከምላሴ ሳይለቅ ለውዙ በጥርሴ መሃል ሲሰበር ትዝ ይለኛል።

ያ ክረምት ረዘመ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው፤ ከከተማው ዳር ቆሞ ላየው ጣና ራሱ እኛ ድረስ መጥቶ የጎበኘን ይመስል ነበር። መስከረም ላይ ውኃው እየጎደለ ሲሄድ በየጎድጓዳው የቀረው ረጋ፤ ትንኝም ፈላበት። ንዳድ፣ ዛሬ ወባ የሚሉት፣ ለፎገራ ሰው እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ይመጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይሄዳል። የዚያን ዓመት ግን የመጣው ሊሄድ አልነበረም።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት አቡጀዲው ሲያልቅ ነው። ሰው በጠዋት እየመጣ ነጭ ጨርቅ ይጠይቃል። ለመስቀል አዲስ ልብስ ሊያሰፉ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ አባቴ ግን እየለካ ሲቀድ ፊታቸውን አያይም። በኋላ ሒሳብ መጠየቁን ተወ። አንድ ሽማግሌ ጣቃው ላይ እጃቸውን ጭነው «ለሚስቴም ለልጄም ይሁነኝ» ሲሉ ሰማሁና «ሚስታቸውና ልጃቸው አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ?» ብዬ ጠየቅኩት። አባቴ መቀሱን አስቀምጦ «ወደ ውስጥ ግቢ ዘሀራ» አለኝ።

የደረሰ ጤፍ የሚያጭደው አጥቶ ማሳው ላይ ረገፈ። ያልታለቡ ላሞች ጡታቸው አብጦ በየደጁ እየጮሁ ይዞሩ ነበር። ቀባሪ ጠፋ። እስላሙ የክርስቲያኑን ቃሬዛ፣ ክርስቲያኑም የእስላሙን ተሸከመ፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው እስካለ ድረስ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ከዚያ ጩኸቱም ተወ። አሁን ሳስበው ከለቅሶው ይልቅ የሚያስፈራው ያ ዝምታ ነበር።

ከጎንደር አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ መጣ። ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ክኒን በቆርቆሮ ይዞ ሱቃችን በረንዳ ላይ ተቀመጠና ለመጣው ሁሉ አደለ።

እኔ በጥቅምት ታመምኩ። ብርዱ ከጥፍሬ ነው የጀመረኝ። ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር፤ አባቴ ጋቢውን፣ አክስቴ ነጠላዋን፣ ጆንያም ሳይቀር ደረቡብኝ። ከዚያ እሳቱ መጣ። የቤታችን ቆርቆሮ ጣራ ዝቅ እያለ የሚወርድብኝ ይመስለኝ ነበር። ክኒኑን ፈጭተው በውኃ ሲሰጡኝ መራራነቱ ከጉሮሮዬ ሳያልፍ አስመለሰኝ። ደግመው ሰጡኝ፤ ደግሜ ተፋሁት። አባቴ አፌን ፈልቅቆ ያዘኝ፣ ነከስኩት።

በዚያው ዕለት እማዬ ደረሰች። ፈንታን አዝላዋለች። ለመታዘል ትልቅ ልጅ ነበር፤ እግሩ ጉልበቷ ድረስ ተንጠልጥሎ እየተወዛወዘ ነው። ከወገብ በታች ጭቃ ብቻ ናት።

«እሜቴ ሩቂያ» አለች፣ ከደጅ ሳትገባ። «ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

አክስቴ ከጀርባዋ አውርዳ አጠገቤ አስተኛችው። ክኒኑን ሰጡት። እሱም ተፋው።

አክስቴ ሁለታችንንም ትንሽ አየችን። ከዚያ ወደ ሳጥኗ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ሽታው መጣ፤ በዚያ ሁሉ ትኩሳት መሃል እንኳ አወቅኩት። ድሬሰሩ ከበረንዳ ገብቶ «ምን እያደረጉ ነው እናቴ?» ሲላት ሰማሁ።

«ካካዎው ራሱ መራራ ነው። አንዱ ሌላውን ይደብቀዋል» አለችው። «ከቸኮላታ ጋር ቢሰጣቸው ክፋት አለው?»

«በሆዳቸው ይርጋልኝ እንጂ በፈለጉት ይስጧቸው።»

እንዲበርድ አልጠበቀችም። ከነግለቱ ቆርሳ፣ ክኒኑን ፈጭታ መሃሉ ጨምራ፣ በመዳፏ አድበልብላ በአፋችን አደረገችልን። መጀመሪያ ጣፈጠ፤ ቀጥሎ መረረ፤ መራራው የቱ ጋ እንደጀመረ ግን አላወቅኩትም። ዋጥኩት። ፈንታም ዋጠ። እማዬ የሁለታችንን አፍ በጣቷ ከፍታ ምላሳችንን እያነሣች አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወሬው ተሰማ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። አክስቴ ምድጃው እንዳይጠፋ እየጠበቀች ትጋግራለች፤ እማዬ ለውዝ ታምሳለች፣ ትልጣለች፣ ትወቅጣለች። አባቴ ስኳሩን ከሱቅ አምጥቶ ደፋላቸው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ካካዎ እየጎደለ ሲሄድ አክስቴ ቁራጩን አሳነሰች። ከመጡት ልጆች የተረፉ አሉ፤ ያልተረፉም አሉ። አንዲት ሴት የሞተች ልጇን ታቅፋ ቸኮላታውን ከልጅቷ አፍ በጣቷ ስታወጣ አይቻለሁ። ጣፋጩን ቀማቻት ብዬ ጠላኋት።

እማዬ በኔና በፈንታ መካከል ትተኛ ነበር። በትኩሳቱ መሃል ክንዷን ስፈልግ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከመንደሯ ሰው መጣና ታከለ መታመሙን ነገራት። ውኃ የሚያቀርብለት የለም። እማዬ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። አክስቴ ለታከለ የሚሆን ክኒን ጠቅልላ ሰጠቻት፤ «ለራስሽም ዋጪ» አለቻት።

«እሺ።»

«በአላህ ስም፣ እሺ አትበይኝ። ዋጪ።»

እማዬ ወደኛ ጎንበስ አለች። ግንባሬን በከንፈሯ ነካችና «የአክስትሽን እጅ እንዳትመልሺ» አለችኝ። ለፈንታም እንደዚሁ። በሩ ክፍት ስለነበረ በመንገዱ ስትሄድ አየኋት። በጭቃው መሃል ደረቅ ደረቁን እየመረጠች ሄደች። አልዞረችም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በቅጡ አላስታውስም። ብርድና እሳት እየተፈራረቁ መጡ፣ ሄዱ። ቆይቶ አንድ ከሰዓት በኋላ ነቅቼ ራበኝ አልኩ፤ አክስቴ ምንጣፏ ላይ ወድቃ ሰገደች። ፈንታም በማግሥቱ ቀና አለ።

ታከለ የመጣው ያኔ ነው። ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ጠጉሩን ተላጭቶ ነበር። ትኩሳት የያዘው ሰው ራሱን ሲላጭ ስላየሁ እሱም ለዚያ የተላጨ መሰለኝ። ደጁ ላይ በትሩን ተደግፎ ቆመ። ፈንታ ከመደቡ ቀና ብሎ «አባዬ! እማዬስ?» አለ።

ታከለ አክስቴን አየ። አክስቴ መሬቱን አየች።

«ወንዛዬ ሄዳለች» አለ ታከለ። «ፍል ውኃው ንዳድ ያወጣል ብለዋት… ልትታጠብ ሄዳለች።»

ከዚያ በላይ ምንም ሳይል ወጣ። እኔም ፈንታም አመንነው። ሰው ሁሉ ሲታመም ወንዛዬ ይሄዳል። እዚያ ምድሩ ራሱ ውኃ እንደሚያፈላ ሰምተናል። ፈንታ «እሳት ሳይነድበት የሚፈላ ነው፤ ስትመጣ ቆዳዋ ቀልቶ ነው የምትመጣው» ይለኛል። እኔ የጉማራን ወንዝ እንዴት እንደምትሻገር አስብ ነበር። ትመጣለች ብለን ክኒኑን ሳንከራከር ዋጥን። ገንፎውንም በላን። አክስቴ ቸኮላታ ስትሰጠን ፈንታ «ከአባዬ ጋር ስትመጣ ወፍሬ ላሳያት» ይል ነበር፤ አክስቴም «አዎ ብላ፣ ብላ» ትለውና ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች።

አንድ ምሽት፣ ፋኖሱ ገና ሳይበራ፣ አክስቴና አባቴ ሱቁ ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«እስከ መቼ ነው?» አለ አባቴ።

«እስኪጠኑ።»

«ጠንተዋል እኮ። አርባዋ ደረሰ።»

«እንግዲያው አባቱ ራሱ ያርዳው። እኔ አልችልም ኢድሪስ።»

ማርዳት ማለት መርዶ መንገር መሆኑን ገና አላውቅም ነበር። ለኔ የሚታወቀው በግ ማረድ ብቻ ነው። ፈንታ ጋ ሮጬ «እማዬ ልትመጣ ነው! አባትህ በግ ያርዳል!» አልኩት።

ፈንታ ተቆጣ። «ጾም ነው እኮ። አባቴ በጾም አያርድም።»

«እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ተሳስተሻል።»

ተጣላን። የገና ጾም ገብቶ ነበር፤ እሱ ልክ ነው። ግን ልትመጣ መሆኑን ሁለታችንም አመንን፤ ምክንያቱም በማግሥቱ አክስቴ የቀረውን ካካዎ ሁሉ ትሪ ላይ አራገፈችው። ቅቤ አላደረገችም። እንቁላል አላደረገችም። በኑግ ዘይት ለወሰችው፤ ለውዝ አበዛችበት፤ በቅቤው ፈንታ የተወቀጠ ሰሊጥ ጨመረች። «እማዬ እንድትበላው ነው፣ አይደል?» አልኳት። ትሪውን ምጣዱ ላይ አስቀመጠች። እኔም ብዙ ስለማታወራ ነው ብዬ ተውኩት።

ወደ መንደሩ በእግር ሄድን። አባቴ በፊት፣ አክስቴ ትሪውን በጨርቅ ሸፍና በራሷ ተሸክማ፣ እኔና ፈንታ በኋላ። ሜዳው ደርቋል። ውኃው የነበረበት ቦታ ጭቃው ተጠቅልሎ እንደ ልጣጭ ተነሥቷል። ያልታጨደው ጤፍ ተኝቷል። በየመንደሩ ጢስ የማይወጣባቸው ጎጆዎች ነበሩ። ፈንታ የማንን ቤት እንደምናልፍ እየጠራ ይቆጥርልኝ ነበር፤ ከዚያ መቁጠሩን ተወ።

ታከለ ከመንደሩ ወጣ ብሎ አንድ ሾላ ሥር ቆሞ ጠበቀን። ከሩቅ ዳስ ይታያል። ሰው ተሰብስቧል፤ ካህናትም ነበሩ። ይህ ሁሉ ለእማዬ ነው ብዬ ኮራሁ።

ታከለ አባቴን እጅ ነሥቶ፣ አክስቴንም «እሜቴ፣ ደከሙ» ብሎ፣ ፈንታን በእጁ ያዘው። ከሾላው ማዶ ወሰደው። በቁመቱ ልክ እንዲሆን መሬት ላይ ተንበረከከ። የሚለው አይሰማኝም። ፈንታ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ። በጣቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወንዛዬ በኩል አመለከተ። አባቱ እጁን ያዘና ዝቅ አደረገለት። ከዚያ ፈንታ ጮኸ።

እኔን ያረዳኝ ሰው የለም። ለሱ አባቱ ተመድቦለታል፤ ለኔ ማንም አላሰበልኝም፤ የእናት ሞት የሚነገረው ለወለደችው ነውና። እኔ ያወቅኩት ከጩኸቱ ነው። እናትሽ ስትወልድሽ ሞተች ሲሉኝ እንደ ተረት ሰምቼ አልፌው ነበር። ያን ዕለት ግን የሾላውን ግንድ በሁለት እጄ ያዝኩ።

ታከለ ቀና ሲል አየኝ። ሌላ ማንም አላየኝም፤ አባቴ ሰማዩን፣ አክስቴ ትሪዋን ነበር የሚያዩት። «አንቺም ነይ ልጄ» አለኝ። ሄድኩ። ሁለታችንን በአንድ ጋቢ ሸፍኖ ያዘን። ጋቢው ላብና ጢስ ይሸታል። «ክኒኑን ለኔ ሰጥታ ለራሷ አላስቀረችም» አለ፤ ለኛ ይሁን ለራሱ እንጃ።

ዳሱ ውስጥ አክስቴ ትሪዋን ገለጠች። ሰው ወደ ትሪው ዞረ። ብዙዎቹ ሽታውን ያውቁት ነበር፤ ልጆቻቸውን ይዘው ደጃችን የመጡ ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ቄስ «ምን አለበት እናቴ?» አሏት።

«ቅቤ የለበትም አባ። እንቁላልም የለበትም። በኑግ ዘይት ነው። የሺ በሕይወት ብትኖር በጾሙ የምትበላው ዓይነት ነው።»

ቄሱ አንድ ቁራጭ አነሡ። ለራሳቸው አልነበረም፤ ለፈንታ ዘረጉለት።

ፈንታ ያዘው። ዓይኑ አብጧል። ወደ አክስቴ አየና «ክኒን አለበት?» አላት።

«የለበትም ልጄ።»

ገመጠ። እያኘከ እንባው ይወርድ ነበር። ከዚያ ሌሎቹም እጃቸውን ዘረጉ። ለውዙ በጥርስ ሲሰበር ብቻ ይሰማል።

ፈንታ ከአባቱ ጋር ቀረ። እኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሣን። አክስቴ ባዶውን ትሪ በብብቷ ይዛ በሌላው እጇ እጄን ያዘች። ሜዳው መሃል ስንደርስ ቆምኩ፤ ብትጎትተኝም አልሄድኩላትም።

«ለምን ዋሻችሁን?» አልኳት።

ትሪውን መሬት ላይ አኖረች። ተንበርክካ በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠረገች። ያን ያህል ቀርባ አይታኝ አታውቅም፤ ዓይኗ ሥር ያለው ቆዳ ከምድጃው ሙቀት ተላልጦ ነበር።

«እንድትበሉ ነዋ» አለች። «ብትሰሙ ኖሮ ትበሉልኝ ነበር?»